ስለ ባሕር ምርምርና ስለ ረጅም መዝገብ ጥቅም

(በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ወክዬ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በእንዲህ ያለ ቀን የሚናገር ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ የባሕር ምርምር ቤት ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ይህም ቤት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ በሳን ዲየጎ ከተማ ላ ሆያ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የስክሪፕስ የባሕር ምርምር ቤት ነው። የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከመካከላችሁ አንዳንዱ፣ «ይህ ልጅ የሚናገረው አጣን? ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ባሕርን ያየነው በሥዕልና በፊልም ብቻ ነው። ሆኖም የምናገረውን እስከ መጨረሻው ብትሰሙኝ፣ የዚያ ቤት ሥራ እስከዚህ ግቢ ድረስ እንደሚደርስ ለማስረዳት ተስፋ አለኝ።

የቤቱ አጀማመር ትንሽ ነበር። ዊልያም ሪተር የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር በባሕር ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረቶች በቋሚነት የሚያጠኑበት ስፍራ ይፈልጉ ነበር። በ1903 በሳን ዲየጎ አንድ ማኅበር ተቋቋመላቸውና፣ የአንድ ሆቴል የጀልባ ማቆያ ቤት መጀመሪያ የምርምር ክፍላቸው ሆነ። ገንዘቡን የሰጡት የጋዜጣ ባለቤት የነበሩት ኤድዋርድ ስክሪፕስና እኅታቸው ወይዘሪት ኤለን ብራውኒንግ ስክሪፕስ ናቸው። በ1907 ማኅበሩ በላ ሆያ 70 ሄክታር ያህል መሬት ከከተማው አስተዳደር በ1000 ዶላር ገዛ። በ1912 ቤቱ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1925ም ጥናቱ ከእንስሳት አልፎ ባሕሩን በሙሉ ስለ ያዘ የዛሬውን ስሙን አገኘ።

ከዚህ ቤት ሥራዎች ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ከሁሉ ቀላል የሆነው ነው። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚዘልቅ ረጅም ድልድይ ሠርተው ነበር። ከነሐሴ 1916 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰው በዚያ ድልድይ ላይ ሄዶ የባሕሩን ውኃ ይቀዳል፤ ሙቀቱንና የጨውን መጠን ይለካል፤ በመዝገብም ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው ባልዲ፣ ቴርሞሜትር፣ እርሳስና ደብተር ነበር። አሮጌው ድልድይ በ1988 በአዲስ ተተክቷል፤ ልኬቱ ግን እስከ ዘመናችን ዘልቋል። መዝገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህ መዝገብ ምን ይጠቅማል? በነሐሴ 2018 በድልድዩ አጠገብ ያለው የባሕር ውኃ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ዕለት አንድ ሰው ከዚያ ቆሞ ቢለካ፣ «ውኃው ዛሬ ሞቋል» ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም። ነገር ግን መዝገቡ ስለ ነበረ፣ ይህ ሙቀት ከ1916 ጀምሮ ከተለካው ሁሉ እንደሚበልጥና በ1931 የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን እንዳለፈ ወዲያው ታወቀ። በ1931 ውኃውን ቀድቶ ቁጥሩን የጻፈው ሰው፣ ከ87 ዓመት በኋላ ለሚነሣ ጥያቄ መልስ መስጠቱ መሆኑን ከቶ አላወቀም። የዕለት ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ የዕለት ሥራ ባይሠራ ኖሮ ግን፣ ዛሬ በዓለም ያለው ገንዘብ ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን አንድ ቁጥር ሊገዛው ባልቻለም ነበር። ያለፈ ቀን ተመልሶ አይለካምና።

በ1936 የቤቱ ዲሬክተር ሆነው የመጡት ኖርዌያዊው ሊቅ ሐራልድ ስቬርድሩፕ ናቸው። እሳቸውም ከ1918 እስከ 1925 በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል በመርከብ ሲመራመሩ የቆዩ ሰው ነበሩ። በ1939 ዋልተር መንክ የሚባል በቪየና የተወለደ ወጣት ወደ እሳቸው መጥቶ የባሕር ጥናት ተማሪ ልሁን ሲል፣ ስቬርድሩፕ በዚህ ሞያ በሚመጡት 10 ዓመታት አንድም ሥራ ይገኛል ብለው እንደማያስቡ ነገሩት ይባላል። ወጣቱ ግን ትምህርቱን አልተወም። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፣ «የትኛው ትምህርት እንጀራ ያበላል?» እያልን ስንጨነቅ ይህን ብናስታውስ ደግ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንክን ለታላቅ ሥራ ፈለገው። በ1942 የአሜሪካ ወታደሮች በሰሜን ምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ከጀልባ ለመውረድ ይለማመዱ ነበር። ማዕበሉ ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲበልጥ ጀልባዎቹ ስለሚገለበጡ ልምምዱ ይቋረጥ ነበር። መንክ የአፍሪቃውን ጠረፍ ማዕበል ቢመረምር፣ በብርዱ ወራት ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከመምህሩ ከስቬርድሩፕ ጋር ሆኖ ከነፋሱ ኀይል፣ ነፋሱ ከነፈሰበት ሰዓትና ከሸፈነው የባሕር ስፋት ተነሥቶ የማዕበሉን ቁመት አስቀድሞ የሚናገር ስሌት አዘጋጀ። ይህም ስሌት ለጦሩ የአየር ጠባይ መኮንኖች በስክሪፕስ ተሰጠ፤ በሰኔ 1944 ሠራዊቱ በኖርማንዲ ጠረፍ የሚወርድበት ቀን ሲመረጥም ሠራበት።

ከጦርነቱ በኋላ ሊቁ መንክ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ይኸውም በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚሰበረው ማዕበል ከየት የመጣ ነው? የሚል ነው። በ1963 ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ በአንድ መሥመር ስድስት የመለኪያ ጣቢያዎች ዘረጉ። በውኃው ውስጥ የተቀመጡት መሣሪያዎች የሚያልፈውን ማዕበል ግፊት ይመዘግቡ ነበር። ውጤቱም ድንቅ ሆነ፤ በዓለም ደቡባዊ ጫፍ በአንታርክቲካ አቅራቢያ ዐውሎ ነፋስ ያስነሣው ማዕበል ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኀይሉ እጅግም ሳይቀንስ አላስካ ይደርሳል። እንግዲህ በአንዱ የዓለም ዳርቻ የተነሣ ነገር በሌላው ዳርቻ እንደሚሰማ በቁጥር ተረጋገጠ።

ከእነዚያ ከስድስቱ ጣቢያዎች አምስቱ በደሴትና በየብስ ዳር ሲሆኑ፣ አንደኛው ግን ደሴት በማይገኝበት በሰሜኑ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ነበር። እዚህ ላይ የመሐንዲሶቹን ሥራ ማንሣት ይገባኛል። መርከብ በማዕበል ላይ ስለሚናወጥ ከላዩ ሆኖ ማዕበልን በትክክል ለመለካት ያስቸግራል። ራሱ የሚናወጥ ሚዛን እንዴት አድርጎ ይመዝናል? ይህን ችግር ለማስወገድ የስክሪፕስ ሊቃውንት «ፍሊፕ» የተባለውን እንግዳ መርከብ ነደፉ፤ በ1962ም ወደ ውኃ ገባ። ርዝመቱ 108 ሜትር ሲሆን፣ በራሱ ሞተር ስለማይሄድ በሌላ መርከብ እየተጎተተ ወደሚፈለገው ስፍራ ይደርሳል። ከዚያም በኋለኛው ክፍሉ ያሉት ጋኖች የባሕር ውኃ ሲሞሉ ያ ክፍል እየሰጠመ ይሄዳል፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜም መርከቡ በሙሉ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። 90 ሜትር ያህሉ ከውኃ በታች ይሆናል፤ የቀረው 17 ሜትር ያህሉ ከውኃ በላይ ይታያል። ጥልቁ ውኃ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ መርከቡ ማዕበል ሲመታው እጅግም አይነቃነቅም። ሥራው ሲያልቅ አየር በግፊት ወደ ጋኖቹ ይገባና ውኃውን ያስወጣዋል፤ መርከቡም ተመልሶ ይጋደማል።

መርከቡ በቆመ ጊዜ ግድግዳው ወለል፣ ወለሉ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች በሁለቱም አኳኋን እንዲያገለግሉ ተደርገው ተሠርተዋል፤ እጅ መታጠቢያው እንኳ ለቆመውም ለተጋደመውም ጊዜ ለየብቻ ተሠርቶለታል። ይህ መርከብ በ2023 ከምርምር ቤቱ አገልግሎት እስኪወጣ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ ሠርቷል። ሊቁ ጥያቄ ባያመጣ መሐንዲሱ ይህን መርከብ ባልሠራው ነበር፤ መሐንዲሱም ባይኖር የሊቁ ጥያቄ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር። በክፍላችን ፊዚክስ የሚወዱና በእጃቸው መሥራት የሚወዱ ተማሪዎች አንዱ ሌላውን ሲንቅ አልፎ አልፎ እሰማለሁ፤ ፍሊፕ ለሁለቱም ወገን ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ከባሕር ወደ አየር እንሻገር። የባሕር ውኃ ከአየር ጋር ዘወትር እንደሚተነፍስ ስለሚታወቅ፣ የስክሪፕስ ዲሬክተር የነበሩት ሮጀር ረቬል፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕሩ ሁሉን ይውጠዋል ወይስ በአየር ላይ ይቀራል? ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ልኬት ዶክተር ቻርልስ ኪሊንግ በመጋቢት 1958 በሐዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ተገኘ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ዕፀዋት ሲለመልሙ መጠኑ ዝቅ ይላል፤ ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ ከፍ ይላል። ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስትተነፍስ በወረቀት ላይ ታየች ማለት ይቻላል። ግን የከርሞው ልኬት ሁልጊዜ ካምናው ይበልጥ ነበር። በ2024 የዓመቱ አማካይ ከ420 አልፏል።

ይህም ሥራ ያለ ችግር አልሄደም። በ1964 ገንዘቡ ስለ ተቀነሰ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋርጦ ነበር። ያ የተቋረጠበት ቦታ ዛሬም በመዝገቡ ላይ እንደ ጎደለ ጥርስ ይታያል። በኅዳር 2022 ደግሞ እሳተ ገሞራው ፈንድቶ መንገዱንና የኤሌክትሪኩን መሥመር ሲቆርጥ፣ በሌላ ተራራ ላይ እየለኩ ቆዩና በማግሥቱ ዓመት ወደ ቀድሞው ስፍራ ተመለሱ። ዶክተር ኪሊንግ በ2005 ዐረፉ፤ ሥራውን ልጃቸው ቀጥለውታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይህ መዝገብ ግን በጥንቃቄ የታሰረ ስለ ሆነ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

ዛሬ የባልዲው ሥራ በመላው ውቅያኖስ ላይ ይሠራል። አርጎ በተባለው የብዙ አገሮች የጋራ ሥራ ወደ 4000 የሚሆኑ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ባሕሮች ተበትነው ይገኛሉ። የመሣሪያውን አሠራር ካፈለቁትና ሥራውን ከሚመሩት መካከል የስክሪፕስ ሰዎች ይገኙበታል። መሣሪያው የሰው ቁመት ያህል ቱቦ ነው። ወደ 1000 ሜትር ጥልቀት ሰጥሞ ከውኃው ጋር ይንሳፈፋል፤ በየ10 ቀኑም እስከ 2000 ሜትር ወርዶ፣ ሙቀቱንና ጨውን እየለካ ወደ ላይ ይወጣና ቁጥሩን ለሳተላይት ይልካል፤ ከዚያም ተመልሶ ይሰጥማል። የተለካውም ቁጥር በ24 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ለዓለም ሕዝብ በነፃ ይሰጣል። ከዚህ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ፣ በላ ሆያ ያለው ፕሮፌሰር የሚያየውን ያንኑ ቁጥር ሊያይ ይችላል።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ምን አገባው? ክረምት ሲገባ በጣራችን ላይ የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው ከሩቅ ባሕር የተነሣ እርጥበት ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ አንዱ ምንጭ ነው። ከዚህም በቀር የፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከልክ በላይ ሲሞቅ የዓለም ነፋስ ሥርዓት ይለወጣል። ይህን ሙቀት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን ስለሚመጣ ሕፃኑን ክርስቶስን አስበው «ኤል ኒኞ» ብለው ሰየሙት። ኤል ኒኞ በሚነሣበት ዓመት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2015 የሆነውን ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል፤ በዚያ ዓመት ክረምቱ በብዙ ስፍራ ቀረ፤ በዓመቱ መጨረሻም የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆኑን መንግሥት አስታወቀ። ማዕበል ከአንታርክቲካ አላስካ እንደሚደርስ፣ እንዲሁ የፓሲፊክ ሙቀት ከወሎና ከአፋር ማሳ ይደርሳል።

በ1982 ታላቁ ኤል ኒኞ ሲነሣ ሊቃውንቱ ነገሩን ያረጋገጡት ከጀመረ ብዙ ወራት በኋላ ነበር፤ በባሕሩ ላይ የሚለካ በቂ መሣሪያ አልነበረምና። ዛሬ ግን የውኃው ሙቀት ከወራት በፊት ይታያል። ዮሴፍ በግብፅ እህል ማከማቸት የቻለው የሚመጣውን አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ማወቅ ብቻውን ረኀብን እንደማያስቀር እናውቃለን፤ ጎተራም፣ መንገድም፣ መልካም አስተዳደርም ያስፈልጋል። ነገር ግን ያላወቀ ሰው ጎተራውን በጊዜ አያዘጋጅም።

አንዳንዱ ደግሞ፣ «እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ ብዙውን ገንዘብ የሰጣቸውም የባሕር ኀይላቸው ነው፤ እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ፍሊፕን የመሰለ መርከብ ያለ ብዙ ገንዘብ አይሠራም፤ የማዕበሉም ስሌት ለጦርነት እንደ ዋለ አልሸሸግኩም። ነገር ግን የ1916ቱ መዝገብ የተጀመረው በባልዲ መሆኑን አትርሱ። ባልዲ በየቤታችን አለ። የሚቸግረው ነገር በማግሥቱም፣ በዓመቱም፣ በ50 ዓመቱም ወደዚያው ስፍራ መመለስ ነው።

ስለዚህ በክፍሌ ስም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትምህርት ቤታችን 50 ዓመት ሞላው፤ በዚህ ግቢ 50 ክረምት ዘንቧል። ከእነዚያ ክረምቶች የትኛው እንደ በዛ፣ የትኛው እንዳነሰ ሽማግሌዎች በወሬ ይነግሩናል፤ በቁጥር የሚነግረን ግን የለም። እንግዲህ ከሚመጣው መስከረም 1 ጀምሮ በአትክልቱ ስፍራ አንድ የዝናብ መለኪያ ይተከል። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ተረኛው ተማሪ ለክቶ ይጻፍ። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን «ዜሮ» ብሎ ይጻፍ፤ ዜሮም ልኬት ነውና። ሳይለካ ያለፈ ቀን ቢኖር ቦታው ባዶ ይተው እንጂ ማንም በግምት አይሙላው፤ በግምት የተሞላ መዝገብ ከባዶው ይልቅ ያሳስታልና። ዋናው ዝናብ የሚዘንበው እኛ ለዕረፍት በምንሄድበት ወራት ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ በግቢው አቅራቢያ የሚኖሩ ተማሪዎች ተራ እንዲገቡ፣ ዘበኛችንም ፈቃዳቸው ቢሆን እንዲረዱን እንለምናለን። በየዓመቱም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሰናበቱ መዝገቡን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በእጃቸው ያስረክቡ።

መለኪያውን ለመግዛትና ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ለማዘጋጀት የክፍላችን ተማሪዎች ገንዘብ ማዋጣት ጀምረናል። የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ እምብዛም ነገር አይነግረንም፤ የአምስተኛውም እንዲሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መዝገቡ መናገር የሚጀምረው እኛ ከዚህ ከሄድን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ100ኛው ዓመት በዓል ላይ ከዚህ ስፍራ ቆሞ የሚናገር ተማሪ፣ «በዚህ ግቢ ባለፉት 50 ዓመታት ይህን ያህል ዘንቧል» ብሎ በቁጥር ለመናገር ይችል ዘንድ፣ ክቡር ዲሬክተርና መምህራኖቻችን ሐሳባችንን እንዲቀበሉልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።